ወራጅ አለ

ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀምጫለሁ። ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራት ሆነናል። ሀያ ሁለትን አልፈን ኡራኤል አካባቢ ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋ። መኪናው ቆመ።

መጀመሪያ የጣቶቼ ጫፍ ደነዘዘ። ከዚያ ከንፈሬ ዙሪያ ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ። ልቤ በኃይል መምታት ጀመረች። የምስበው አየር ደረቴ ላይ ደርሶ የሚመለስ እንጂ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ አልመስል አለኝ። "ልሞት ነው" አልኩ በሆዴ። "የመጀመሪያ ደመወዜን እንኳ ለእማዬ ሳልልክ ልሞት ነው።"

ማለት የነበረብኝ ሁለት ቃል ብቻ ነው። ወራጅ አለ። በየቀኑ የምለው ነገር ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ድምፄ እምቢ አለ። አጠገቤ የነበሩ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናት ዞር ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ አሞሻል?" አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። "ረዳት! ወራጅ አለ! ልጅቷን አሟታል፣ በሩን ክፈት!" ብለው የጮኹት እሳቸው ናቸው።

አብረውኝ ወረዱ። አጥር ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጡኝ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "በስመ አብ" እያሉ ቆዩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ለቀቀኝ። የቀረው መንቀጥቀጥና ለቅሶ ነበር። ስማቸውን አልጠየቅኳቸውም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህን ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን የምጽፈው፣ ያን ሰሞን ሌሊት ሌሊት ስልኬ ላይ በአማርኛ ስፈልገው ያጣሁት ነገር ስለሆነ ነው።

በዚያ ሳምንትና በሚቀጥለው ሦስት ክሊኒክ ሄድኩ። አንዱ ጋ ጨጓራ ነው ተባልኩ። ሌላው ጋ ነርቭ ነው ተብዬ የቫይታሚን መርፌ ታዘዘልኝ። ሦስተኛው ጋ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ተነሣሁ፤ ደሜ ታየ፤ የእንቅርት ሆርሞኔ ሳይቀር ተመረመረ። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ገለባብጦ አየና፣ "ምንም የለብሽም። ሐሳብ አታብዢ" ብሎ ሸኘኝ።

መመርመሬ ልክ ነበር። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛም፣ ደም ሲያንስም፣ የልብ ምት ሲዛባም እንደዚያ ሊያደርግ ይችላል። መጀመሪያ እሱን ማጣራት ተገቢ ነው። እኔን የጎዳኝ "ምንም የለብሽም" የሚለው ነው። ምንም ከሌለብኝ ታክሲ መሳፈር ለምን አቃተኝ?

በእውነት አቅቶኝ ነበር። ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሣሁ ወደ ሥራ በእግሬ እሄድ ጀመር። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ለአክስቴ "ስፖርት ነው" እላታለሁ። ዝናብ ሲሆን ወይም ሲመሽብኝ ግድ ታክሲ እይዛለሁ። ያኔ በሩ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም። ሞልቶ ከመጣ ሌላ እጠብቃለሁ፤ እሱም ሞልቶ ከመጣ ሌላ። ቦርሳዬ ውስጥ ውሃ አለ፣ ሎሚም አለ። ሎሚው ከልጅነቴ የመጣ ነው። እማዬ ከአዳማ ስንወጣ እንዳያስመልሰን መኪና ውስጥ ታሸተን ነበር። አሁን ሎሚው ከሌለ ከቤት አልወጣም። አንድ ቀን ረስቼው ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ተመልሼ ሥራ አርፍጃለሁ።

ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ታክሲው እንዳልሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ከዚያ ቀን ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 2015፣ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በመላ አገሪቱ ተሰጠ። የመጀመሪያዎቹ ተፈታኞች እኛ ነን። አራት ዓመት የተማርከው ሁሉ ያን ፈተና ካላለፍክ ዲግሪ አይሆንም። ጅማ ላይብረሪ ውስጥ ያደርንባቸውን ሌሊቶች አልረሳቸውም። አለፍኩ። ተመረቅኩ።

መመረቅ የሚለውን ቃል ልብ ብላችሁት ታውቃላችሁ? ዲግሪ መቀበልም መመረቅ ነው። በሽማግሌ አፍ መባረክም መመረቅ ነው። እኔን በአንድ ሳምንት ሁለቱም ደረሱኝ። አዳማ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተጣለ። ድግሱ የተደገሰው በእማዬ እቁብ ነው። የሰፈራችን ሽማግሌ ተነሥተው፣ "የእናት የአባትሽን ጉልበት የምታሳርፊ ያድርግሽ። ለወንድሞችሽ መከታ ሁኚ" አሉ። ሰው ሁሉ "አሜን" አለ። እኔም "አሜን" አልኩ። አባቴ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው። ከእኔ በታች ሁለት ወንድሞች አሉ። አሜን ስል ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቋጠር ታውቆኝ ነበር። ደስታ መሰለኝ።

ከዚያ በሁለት ወር ውስጥ ሁሉ ነገር ተለወጠ። ስድስት ሆነን እየተሳሳቅን፣ እየተጣላንም የኖርንበት ዶርም የለም። ከአዳማም ወጣሁ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ አድራለሁ። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ። አለቃዬ ምንም ሳይሉ በጠረጴዛዬ አጠገብ ካለፉ፣ ቀኑን ሙሉ ምን አጥፍቼ ይሆን ስል እውላለሁ። ለእማዬ ስደውል ግን "ሁሉም ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ነው። እሷም "እግዚአብሔር ይመስገን" ትላለች። ስልኩ ይዘጋል።

ጄፍሪ አርኔት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለውን ዕድሜ ለብቻው ስም አወጣለት። ልጅነት አልቆ አዋቂነት ገና ያልገባበት፣ ሰው ራሱን የሚፈልግበት ጊዜ ነው ይላል። ሳነበው የምስማማበት ነገር አገኘሁ። መንጠልጠሉ ልክ ነው። ግን እኛ ሰፈር ያ ዕድሜ ራስህን የምትፈልግበት ብቻ አይደለም። ብድር መመለስ የምትጀምርበት ነው። ማንም አበድሬሃለሁ አይልህም፤ አንተ ግን እያንዳንዷን ታውቃታለህ። የእቁቧን ብር፣ የአባትህን አሮጌ ጫማ፣ ለትራንስፖርት ብላ እማዬ መሐረቧን ፈትታ የሰጠችህን።

"ጭንቀት" የሚለው ቃላችንም ብዙ ያውቃል። ሴት ልጅ ምጥ ሲይዛት ጭንቅ ላይ ናት እንላለን። ጎረቤቱ "ማርያም ማርያም" ይላል። አዲስ ሰው ሊመጣ ሲል የሚሆን ጭንቅ እንዳለ ቋንቋችን ያውቀዋል። ለምጡ ግን ዙሪያዋን የሚከብ ሰው አለ። ሥራ ለጀመረ፣ አገር ለለወጠ፣ ዶርሙ ለፈረሰበት ልጅ ማን ይሰበሰባል? ሁሉም "እንኳን ደስ አለህ" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የነገሩን ስም የነገረችኝ ሳይኮሎጂ የተማረች የካምፓስ ጓደኛዬ ናት። በቴሌግራም ረጅም ድምፅ ላከችልኝ። "ይሄ ፓኒክ አታክ ይባላል፤ ድንገት የሚነሣ ከባድ ፍርሃት ነው። አትሞቺበትም። ግን ብቻሽን አትያዥው፤ ባለሙያ አለ" አለች። አራት ጊዜ ደጋግሜ ሰማሁት። "አትሞቺበትም" የምትለዋን ቦታ እየመለስኩ።

ለእማዬ መንገር ግን ከበደኝ። በመጨረሻ ስነግራት የመጀመሪያ ቃሏ "ዓይን ነው" ነበር። "ያን ሁሉ ሰው ደግሰን ስናበላ፣ አልኩ እኮ!" አለች። ጸበል ይዛኝ ሄደች። ሄድኩ። በንጋት ብርድ ስጠመቅ ያለቀስኩት ለቅሶ ጠቅሞኛል፤ አልክደውም። የንስሐ አባታችን ናቸው ነገሩን ያቀለሉልኝ። ሁሉንም ሰምተው ሲጨርሱ፣ "ጸበሉንም ጠጪ፣ ባለሙያውንም ስሚ። ሐኪምን የፈጠረ እሱ ነው" አሉኝ። እማዬ እሳቸው ካሉ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም።

ጥር ላይ የመጀመሪያ ቀጠሮዬ ደረሰ። ሻሼን ዝቅ አድርጌ ነው የገባሁት። በዚህ ከተማ ያደገ ሁሉ "አማኑኤል" የሚለው ስም እንዴት ለስድብ እንደሚውል ያውቃል። ልጆች ሲጣሉ "አማኑኤል ግባ" ይባባላሉ። እኔ የሄድኩት አማኑኤል ሆስፒታል አልነበረም፣ አንዲት ሳይኮሎጂስት ጋ ነው። ፍርሃቱ ግን ያው ነው። ደረጃው ላይ የማውቀው ሰው ቢያጋጥመኝ የምለውን ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር።

የጠበቅኩት ምክር ነው። በሩ ላይም የተጻፈው "የምክር አገልግሎት" ነበር። ምክር ደግሞ ስሰማ ነው ያደግኩት። ታላቅ ይናገራል፣ ታናሽ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል፣ መጨረሻ ላይ "እሺ" ይላል። ማስታወሻ ደብተር ሁሉ ይዤ ነበር፤ የምትለኝን ልጽፍ።

በአርባዎቹ ውስጥ ያለች ሴት ናት። "እንደምን አደሩ" ብዬ በአንቱታ ጀመርኩ። "አንቺ በይኝ" አለች። ሰባት ጥያቄ ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ቀን እንደተጨነቅሽ፣ ጭንቀቱን ማቆም አቅቶሽ እንደሆነ፣ መጥፎ ነገር ይመጣል ብለሽ እንደፈራሽ፣ እንዲህ እንዲህ የሚል። ጂኤዲ 7 ይባላል። ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ነው፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ መታየት አለበት። የእኔ 16 መጣ። "ምንም የለብሽም" ከተባልኩ በኋላ 16 የሚለውን ቁጥር ሳይ እንዴት እንደቀለለኝ። የሆነ ነገር ነበረብኝ ማለት ነው።

ከዚያ ስለ ታክሲው ነገርኳት። "ልሞት ነው" እንዳልኩ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና፣ "እሺ፣ ብትሞቺስ ኖሮ፣ በዚያች ሰዓት በጣም ያስፈራሽ ምን ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ይጠይቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። መልሱ ግን አፌ ላይ ነበር። "ደመወዜን ለእማዬ ሳልልክ" አልኩ። ራሴን ስሰማው ደነገጥኩ። ሞት አልነበረም ያስፈራኝ። ዕዳዬን ሳልከፍል መሄድ ነው። ያን ቀን አንድም ምክር አልሰጠችኝም። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር የእሷን ጥያቄ ብቻ ነው።

ዘዴው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ይባላል። አሮን ቤክ የተባሉ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የጀመሩት ነው። መቶ ዓመት ኖረው በ2021 ነው ያረፉት። ሐሳቡ ሲናገሩት ቀላል ነው። ስሜታችን ከሆነብን ነገር ብቻ አይመጣም፤ ስለሆነብን ነገር በዚያች ቅጽበት ለራሳችን ከምንነግረው ነው። ስለ ፓኒክ ደግሞ ዴቪድ ክላርክ የሚባሉ እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት አንድ ክብ አለ። እሷ ያንን በእስክሪብቶ ሣለችልኝ። ልብ ይመታል። "የልብ ሕመም ነው" ትያለሽ። ትፈሪያለሽ። ስትፈሪ ልብ ይበልጥ ይመታል። "አላልኩም?" ትያለሽ። ይዞራል። ጅራቱን የሚያባርር ውሻ ታውቃላችሁ አይደል? እንደዚያ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ላይ የሆነውን ሳልተርክ አላልፍም። "ዛሬ እዚሁ እናመጣዋለን" አለችኝ። ምኑን? "ሕመሙን።" ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ ለአንድ ደቂቃ በአፌ በፍጥነትና በጥልቀት እንድተነፍስ ነገረችኝ። እሷም አብራኝ ተነፈሰች። ግድግዳው ላይ ያለችውን ሰዓት እያየሁ ነበር። ሃያ ሰከንድ ላይ ራሴ ዞረ። ሠላሳ አምስት አካባቢ የጣቶቼ ጫፍ መደንዘዝ ጀመረ። ከዚያ ከንፈሬ። ያው ጉንዳን። ኡራኤል ያገኘኝ ጉንዳን በአራት ግድግዳ መሃል፣ ምንም መኪና ሳይኖር መጣ። "አቁሚ" አለችኝ። ቀስ ብሎ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ።

ያኔ ነው ያስረዳችኝ። አየር አልቆብሽ አይደለም፤ አብዝተሽ ነው የተነፈስሽው። በጣም ስትተነፍሺ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደምሽ ከልክ በላይ ይወጣል። ወደ አንጎል የሚሄዱት የደም ሥሮች ይጠባሉ፤ ያዞርሻል። ጣትና ከንፈርም ይደነዝዛል። ያስፈራል እንጂ አይጎዳም። እወድቃለሁ ብለሽ ትፈሪያለሽ፤ ግን ሰው የሚወድቀው የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፤ ፓኒክ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፍ ነው የሚለው።

ይህን በስልኬ አንብቤው ቢሆን ኖሮ አላምንም ነበር። ጣቴ በገዛ ትንፋሼ ሲደነዝዝና ሲመለስ ሳየው አመንኩ። ቤት ገብቼ ለአክስቴ አሳየኋት። ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አብራኝ ተነፈሰች። "ውይ! እጄ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

መሰላል ሠራን። ታችኛው እርከን፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ፌርማታ። ላይኛው፣ የመጨረሻው ወንበር፣ መስኮቱ ጥግ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት፣ ከመገናኛ ሜክሲኮ ድረስ። በመካከል ስምንት እርከን ነበር። አንዱ ላይ ፍርሃቱ ራሱ እስኪወርድ ድረስ እቆያለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሸሽቼ ከወረድኩ ፍርሃቱ ትክክል ነበር ብሎ ሰውነቴ ይማራል። ከቆየሁ ደግሞ ፍርሃቱ እንደሚያልፍ ይማራል። የመጀመሪያዋን ፌርማታ የተሳፈርኩ ቀን ላብ ጀርባዬን አርሶት ነበር።

ስለ ሎሚው የነገርኳት በአጋጣሚ ነው። ደስ ብሏት ሰማችና፣ "ያዳነሽ ማን ነው? ሎሚው ነው ወይስ አንቺው ራስሽ ነሽ ያለፍሽው?" አለች። ገባኝ። በሰላም በደረስኩ ቁጥር "ሎሚው አዳነኝ" እል ነበር። ራሴን አንድም ቀን አላመሰገንኩም። በሚቀጥለው ሰኞ ሎሚውን ወጥ ቤት መስኮት ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። በሩ ድረስ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ወጣሁ።

ታክሲው ግን ቀላሉ ክፍል ነበር። ከባዱ ሌላው ነው። በሳምንት አንድ ገጽ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ምን ሆነ፣ ምን አሰብኩ፣ ለሐሳቤ ማስረጃው ምንድነው፣ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል። አንድ ገጽ እስካሁን በቃሌ አውቀዋለሁ። "በዚህ ወር ለእማዬ ብር ካልላክኩ ቤተሰቤን አዋርጃለሁ።" ማስረጃ? ባዶ። አንድም ሰው ላኪ ብሎኝ አያውቅም። ምርቃቱን ዕዳ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

"ፈትኚው" አለችኝ። "ለአባትሽ እውነቱን ንገሪው። ምን ይላል ብለሽ ትገምቻለሽ? መጀመሪያ ጻፊው።" ጻፍኩ። "ዝም ይላል። ያዝንብኛል።" እሑድ አዳማ ሄድኩ። አባዬ ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሬዲዮ ይሰማል። አጠገቡ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ታክሲውን፣ ክሊኒኩን፣ የምሄድባትን ሴትዮ፣ ለሁለት ወር ብር መላክ እንደማልችል።

ዝም አለ። ግምቴ እስከዚያ ልክ ነበር። ከዚያ ሬዲዮውን አጠፋው።

"እኔ ጎባ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር" አለ። "ሌሊት ሌሊት ልቤ ትደነግጥ ነበር። ተነሥቼ ውጪ ብርዱ ላይ እቆማለሁ። ለማን ይነገራል ያኔ?" ከዚያ በእጁ ራሴን ዳበሰኝ። "ብር ላኪ ብለንሽ እናውቃለን እንዴ እኛ?" አለኝ።

አባቴን ሃያ ሦስት ዓመት አውቀዋለሁ። ስለዚያ ብርድ ግን ሰምቼ አላውቅም።

በድምሩ አሥራ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ውድ ነው። የአንድ ሰዓቱ ክፍያ ከአንድ ሳምንት ወጪዬ ይበልጥ ነበር፤ ስለዚህ ከአምስተኛው በኋላ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አደረግነው። ይህን የምነግራችሁ "ቴራፒ ሂዱ" ብሎ መጻፍ ለብዙ ሰው "አውሮፕላን ግዙ" እንደማለት እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ያናድደኛል። አማኑኤል በጣሊያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የእኔ ዕድሜ ነው ማለት ይቻላል። ልጆች የሚሳደቡበት ያ ስም ያን ሁሉ ዘመን ለስንት ቤተሰብ ደርሷል! እኔ ያን ስድብ በሰማሁ ቁጥር አሁን ዝም አልልም።

ደግሞ መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ውስጥ፣ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐኪም ሲያጡ አያቶችን አሠለጠኑ። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ተቀመጠ። የተጨነቀ ሰው ሄዶ ከአንዲት አያት ጎን ይቀመጣል። አያቲቱ ታዳምጣለች፣ ትጠይቃለች፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጠው አብረው መፍትሔ ይፈልጉለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በዚህ መንገድ የታዩት ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ በግልጽ ተሽሏቸው እንደነበር አሳይቷል። በእነሱ ቋንቋ የሕመሙ ስም ኩፉንጊሲሳ ነው። ሐሳብ ማብዛት ማለት ነው። ሐኪሙ "ሐሳብ አታብዢ" ያለኝ ትዝ አለኝ። እነዚያ አያቶች አታብዢ አይሉም፤ ምን እያሰብሽ ነው ይላሉ። እኛ ደግሞ አያት መች አጣን? ቡናም አለን፣ በርጩማም አለን። ያን ቀን አጥር ሥር እጄን የያዙት እናት ያለ ምንም ሥልጠና ግማሹን ሠርተውት ነበር።

ለሚጠይቀኝ ሰው የምለው አለ። ሳይኮሎጂስት መድኃኒት አያዝም፤ መድኃኒት ካስፈለገ የሚያየው የአእምሮ ሐኪም ነው። ለእኔ አላስፈለገኝም። ለጓደኛዬ አስፈልጓት ወስዳ አሁን ደኅና ናት። መኖር ያስጠላው፣ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቅ። ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰው ይንገር፣ አብረው ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይሂዱ።

ድኛለሁ? ጭንቀቱ ይመጣል። ባለፈው ሰኔ የበጀት መዝጊያ ሰሞን ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ግን ሲመጣ አውቀዋለሁ። ጣቴ ሲደነዝዝ "አዎ፣ አብዝቼ ተንፍሼ ነው" እላለሁ። የመጨረሻው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ መስኮቱ ጥግ። መንገድ ሲዘጋጋ አሁንም ልቤ ትንሽ ከፍ ትላለች። እስክትወርድ እጠብቃታለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባ። እሱ ሃይስኩል እያለ፣ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱ 100 ተማሪዎች ማለፊያውን ያመጡት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ይህን እየሰማ ነው የተፈተነው። ሲያልፍ እማዬ እልል አለች፤ ጎረቤት ተጠራ፤ ያው ሽማግሌ መረቁት።

ኅዳር ላይ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ደወለ። ድምፁ አይሰማም። ዶርም ውስጥ ስምንት ናቸው፤ ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያወራው። "እታለም፣ ተኝተሻል?" አለ።

"አልተኛሁም። ምነው?"

"ምንም። ዝም ብዬ ነው።"

ዝም አልን። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ፈጣን ነው። አፌ ላይ "አይዞህ፣ ምንም አይደለም፣ በርትተህ አጥና" የሚለው ሁሉ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

"መቼ ነው የጀመረህ?" አልኩት።

መጀመሪያ አልመለሰም። ከዚያ፣ "ሰኞ፤ ካፌ ሰልፍ ላይ ቆሜ" አለ። ቀጠለ። ስለ ሰልፉ፣ ስለ እጁ፣ ስለ ድንኳኑ፣ እማዬ ለጎረቤት ስለምታወራው ነገር። ስልኬን ቻርጀሩ ላይ ሰካሁና ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። አክስቴ መብራት አይታ ብቅ አለች። በእጄ "ወንድሜ ነው" አልኳት። ጋቢ አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋልኝ ገባች። እሱ አሁንም ያወራል።